«አርቆ ማየት» እና የናሙና ስሕተት፦ የአዳማ የቤት ባለቤቶች ጉዳይ

በ1990ዎቹ በአዳማ ቤት የሠራ ሰው ስለ ሀብቱ ምንጭ ሲጠየቅ «ከተማዋ እንደምታድግ ቀድሞ ታይቶኝ ነበር» ማለቱ የተለመደ ነው። አባባሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም የቤቱ ዋጋ ለምን እንደናረ አያስረዳም። የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ አዳማ ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከእነዚህ ውሳኔዎች በአንዱም የቤት ሠሪው እጅ የለበትም። መቀመጫው አይነሣም ብሎ በመሥሪያ ቤቶቹ አቅራቢያ በውድ የገዛው ሰውም ያሰበው ከሌሎቹ ባልተናነሰ ነበር።

የዋጋው መለኪያም መመርመር አለበት። በ2002 ዓ.ም. አንድ ዶላር 13 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ120 ብር አልፏል። በእነዚህ ዓመታት የብር ዋጋው ዘጠኝ እጥፍ ያደገ ቤት በዶላር ሲመዘን ከቆመበት ፈቀቅ አላለም ማለት ነው። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ወጥቷል። እንዲህ ባለ ዘመን ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ በግድግዳና በጣሪያ ላይ ያዋለ ሁሉ፣ ብልህም ሆነ ግዴለሽ፣ ከቆጣቢው ተሽሎ ይታያል።

ተቃራኒው ማስረጃ ከዚሁ አገር ታሪክ ይገኛል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የሚከራዩ ቤቶችን መገንባት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረጋቸው። ባለ ብዙ ቤቶቹ በአንድ ሌሊት ማስተዋላቸውን አላጡም። አስተሳሰባቸው ያው ነበር፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። በኪሳራ ጊዜ «መንግሥት ወሰደብኝ» የሚል ሰው በትርፍ ጊዜ «መንግሥት ሰጠኝ» ሲል እምብዛም አይሰማም።

በሙያተኞች ዘንድም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ዳንኤል ካህነማን የ25 የሀብት አማካሪዎችን የስምንት ዓመት ውጤት ሲመረምር የአንዱ ዓመት ደረጃ ከሌላው ዓመት ጋር ያለው ተዛምዶ በአማካይ 0.01 ብቻ ነበር። ችሎታ ቢኖር ኖሮ ዘንድሮ የቀደመው በሚቀጥለው ዓመትም በቀደመ ነበር። የቤት ገዢ ግን በዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ስለሚገዛ ይህ ፈተና እንኳ አይደርሰውም።

ይህ ማለት ችሎታ የለም ማለት አይደለም። ካርታውን ማረጋገጥ፣ ዕዳና እግድ መኖሩን ማጣራት፣ ከአቅም በላይ አለመበደር እውነተኛ ችሎታዎች ናቸው። የሚያድኑት ግን ከኪሳራ ነው እንጂ ዋጋን ዘጠኝ እጥፍ አያሳድጉም።

የመመረቂያ ጥናቶች ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል። ዛሬ ቤት ያላቸውን ብቻ መርጦ «የስኬትዎ ምክንያት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ መልሱን አስቀድሞ ወስኖታል። ቅድሚያ ክፍያ ከፍለው ቤት ሳይረከቡ የቀሩ፣ የጨረቃ ቤታቸው የፈረሰባቸው፣ በችግር ጊዜ ሸጠው ከተማዋን የለቀቁ ሰዎች በናሙናው ውስጥ የሉም። ናሙናው ከዛሬው የባለቤቶች ዝርዝር ሳይሆን ከግዢው ዓመት መዝገብ ሊወሰድ ይገባል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ገዢ የት እንደደረሰ መከታተል ነው። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ በጀት ሥራው ከባድ መሆኑ አይካድም። መቶ ሰዎችን በሙሉ መከታተል ካልተቻለ ሠላሳውን መከታተል ይበቃል፤ የጠፉትም «ያልተገኙ» ተብለው በሠንጠረዡ ይቆጠሩ።