የጥይት ገበያ ሲደራ የሚከፍለው ማን ነው?

ስለ መከላከያና ጸጥታ ኢንዱስትሪ ያለን አቋም

ውድ የከተማ መራጮች!

በዚህ ክፍል የምናነሳው ጉዳይ “የአገር ምሥጢር ነው” እየተባለ ከሕዝብ ዐይንና ጆሮ ሲሸሸግ የኖረ ጉዳይ ነው። ይኸውም የአገራችን የመከላከያና የጸጥታ ኢንዱስትሪ፣ ገበያውና የወደፊት ዕጣው ነው። ገዥው ፓርቲ ጥይትና ድሮን በአገር ውስጥ ማምረት መጀመሩን፣ ከራሳችን አልፈን ለውጭ ገበያ እንደምንበቃ በቴሌቪዥን ደጋግሞ ይነግረናል። በ2017 ዓ.ም. የድሮን ፋብሪካ በታላቅ ድምቀት ተመርቋል። እኛም እንደ ግብር ከፋይ አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ ሒሳቡ የት አለ?

1. ማምረቱን አንቃወምም

ስማችንን ለማጥፋት “እነዚህ አገር እንዳትታጠቅ የሚፈልጉ ናቸው” የሚሉ ይኖራሉ። ሐሰት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ሲወረን እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳንገዛ በር እንደዘጉብን አባቶቻችን ነግረውናል። በግንቦት 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ጦርነት ወቅት የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የመሣሪያ ማዕቀብ ጥሎብን ነበር። ስለዚህ አገር ራሷን የምትከላከልበትን በራሷ እጅ መሥራቷን እንደግፋለን።

ዐፄ ቴዎድሮስም ይህን ተረድተው ነበር። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት፣ ከእንግሊዝ ባለሙያና መሣሪያ እንዲመጣላቸው የጠየቁት ለዚሁ ነው። ሆኖም ሥራው የቆመው በአንድ ንጉሥ ፈቃድ ላይ ነበርና በ1860 ዓ.ም. እሳቸው መቅደላ ላይ ሲያልፉ የጋፋት ጥበብ ተከታይ አጣ። ከዚህ የምንማረው በቤተ መንግሥት ፈቃድ ብቻ የሚሠራ፣ ሕግና ተቋም የሌለው ኢንዱስትሪ ዕድሜው የባለሥልጣኑ ዕድሜ መሆኑን ነው።

2. የሜቴክን ትምህርት ማን ረሳው?

በ2002 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም “ሜቴክ” የምንለው ድርጅት፣ በ10 ቢሊዮን ብር የተፈቀደ ካፒታል ተቋቋመ። የጥይትና የመሣሪያ ፋብሪካዎች፣ የአውቶቡስ መገጣጠሚያ፣ የትራክተር ፋብሪካ በአንድ ጥላ ሥር ገቡ፤ አመራሩም ለጦር መኮንኖች ተሰጠ። የህዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ፣ የ10 ስኳር ፋብሪካዎች ግንባታ፣ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ያለ ተወዳዳሪ ተሰጡት።

ውጤቱ ምን ሆነ? የስኳር ፋብሪካዎቹ በጊዜያቸው አልደረሱም፤ ውሎቹ እየተነጠቁ ለሌሎች ተሰጡ። ያዩ ለገበሬው ማዳበሪያ ሳያመርት ቀረ። የህዳሴው ግድብ ሥራ ከሜቴክ እጅ መውጣቱን በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው አስታወቁ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ድርጅቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን በመግለጫ ተናገሩ። የግለሰቦቹን ጥፋተኝነት ለፍርድ ቤት እንተዋለን። የእኛ ክስ በሥርዓቱ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ፓርላማው የት ነበር? ስምንት ዓመት ሙሉ “ለምን?” ያለ የሕዝብ ተወካይ ስንት ነው?

ዕዳው የት እንደደረሰም እንንገራችሁ። የስኳሩን ጨምሮ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ያልከፈሉት ብድር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ክፉኛ ስለተጫነው፣ በ2017 ዓ.ም. ባንኩን ለመታደግ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ ተወሰነ። ቦንድ ማለት ነገ ከእናንተና ከልጆቻችሁ ግብር የሚከፈል ገንዘብ ነው።

ሜቴክ ከዚያ በኋላ ተከፍሏል፤ ወታደራዊ ፋብሪካዎቹ ወደ መከላከያ፣ የሲቪሉ ሥራ ወደ ሌላ ተቋም ሄዷል። ስሙ ይቀየር እንጂ ሒሳብን ከሕዝብ የመሸሸግ ልማዱ አልተቀየረም።

3. ገበያው በእርግጥ የት ነው?

በዓለም ላይ የመሣሪያ ገበያ መድራቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም መንግሥታት ለወታደራዊ ጉዳይ ያወጡት ወጪ 2.7 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል። ቱርክ በድሮን ሽያጭ ስም ያተረፈችው በዚህ ገበያ ነው። ነገር ግን ገበያው ስለደራ ብቻ ሁሉም አይነግድም። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። የመንግሥቷ የመሣሪያ አምራች ዴኔል በመድፎቹ ዓለም ያወቀው ድርጅት ነበር። ሙስናና ብልሹ አስተዳደር ገብቶበት እ.ኤ.አ. በ2020 ለሠራተኞቹ ሙሉ ደመወዝ መክፈል አቃተው። ከእኛ እጅግ የተሻለ ቴክኖሎጂ ይዞ!

መሣሪያ የሚገዛ የውጭ መንግሥት ዕቃው ለዓመታት መለዋወጫና ጥገና እንደሚያገኝ፣ ሻጩም ነገ እንደማይፈርስ ዋስትና ይፈልጋል። ሒሳቡን ለራሱ ፓርላማ የማያሳይ ፋብሪካ ለባዕድ ገዥ ምን ዋስትና ይሰጣል? በዚያ ላይ ከውጭ የሚገባው ጥሬ ዕቃና ማሽን በዶላር ይገዛል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብር ምን ያህል እንደወደቀ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ዶላር ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ የሚለው ሳይታወቅ “ኤክስፖርት እናደርጋለን” ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

እስከዚያው ድረስ የማያጠራጥረው ደንበኛ አንድ ነው፤ እሱም የራሳችን መንግሥት ነው። ሻጩ መንግሥት፣ ገዥው መንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት ነው። ይህ ገበያ የሚሰፋው ደግሞ በአገር ውስጥ ጦርነት ሲሰፋ ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. ከጸደቀው 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ውስጥ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ነበር። ለ2015 በጀት ዓመትም 84 ቢሊዮን ብር ያህል ተመደበ። ከጦርነት የሚያተርፍ ድርጅት ባለበት አገር ለዕርቅ የሚቸኩል ባለሥልጣን ማግኘት ይከብዳል። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋን ይህ ነው።

4. ከተሜው ሦስት ጊዜ ይከፍላል

እናንተ የከተማ ነዋሪዎች ለጸጥታ መጀመሪያ በግብር ትከፍላላችሁ። ሁለተኛ “ለሰላምና ጸጥታ” እየተባለ በየቀበሌውና በየወረዳው መዋጮ ትጠየቃላችሁ፤ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የተነገራችሁ ካላችሁ መስክሩ። ሦስተኛ ለሱቃችሁ፣ ለግቢያችሁ፣ ለመኪናችሁ ዘበኛ ትቀጥራላችሁ። ይህን ሁሉ ከፍላችሁ ከከተማ ወጥታችሁ በሰላም መመለሳችሁ አያስተማምንም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተው ቤተሰቦቻቸው ቤዛ የተጠየቁባቸው ተማሪዎች የማን ልጆች ነበሩ? ድሮን የሚሠራ መንግሥት የተማሪ አውቶቡስ በሰላም ማሳለፍ አቃተው።

በየባንኩ በር የሚፈትሹንን ወንድሞችና እህቶችም አንርሳ። የጥበቃ ኤጀንሲ ሥራ በከተሞቻችን ተስፋፍቷል፤ ሌሊቱን በብርድ የሚያድረው ዘበኛ ግን ቀጣሪው ከሚከፍለው ላይ ለእሱ የሚደርሰው የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጎ ነበር። ሕጉን የጻፉት እነሱ፣ በሕጉ መሠረት ሥራውን ያጓተቱትም እነሱ ናቸው።

5. ብትመርጡን የምንፈጽመው

ሀ. በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመከላከያ ፋብሪካዎችን ሒሳብ በየዓመቱ እንዲመረምር እናደርጋለን። በእርግጥ ምሥጢር የሆነው ክፍል በዝግ ስብሰባ ተቃዋሚዎች ባሉበት የፓርላማ ኮሚቴ ይታያል። የጥይት ብዛት ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ የትራክተርና የአውቶቡስ ዋጋ ግን ምሥጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ለ. ለሲቪል አገልግሎት የሚውል ማንኛውም ግዥና ግንባታ በግልጽ ጨረታ ብቻ ይሰጣል። የመከላከያ ፋብሪካ መወዳደር ከፈለገ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ፖስታውን ያስገባ።

ሐ. በሥራ ላይ ያለ የጦር መኮንን የንግድ ድርጅት አይመራም። ወታደሩ አገር ይጠብቅ፤ ፋብሪካውን የሙያው ባለቤቶች ይምሩት።

መ. በፋብሪካዎቹ የሠለጠኑት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ሥራቸውን አያጡም። ትርፍ የማምረት አቅሙን ለውኃ ፓምፕ፣ ለትራንስፎርመርና ለመኪና መለዋወጫ እናውለዋለን።

ሠ. ያለ ሕግና ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ የጸጥታ መዋጮ ይቀራል። የደመወዝ ቦርዱ ሥራውን ይጀምራል፤ ኤጀንሲዎች ከጥበቃ ሠራተኛ ክፍያ ላይ የሚያስቀሩት መጠንም በሕግ ይገደባል።

ረ. ለአገር ውስጥ አለመግባባት የመጀመሪያው መፍትሔ ድርድር ይሆናል። ለጥይት የሚወጣው ገንዘብ የሚቀንሰው ከዚያ ሲጀመር ነው።

ውድ መራጮች!

ዝም ብንል ሌላ ሜቴክ በሌላ ስም ይመጣል፤ ዕዳውንም እንደ ልማዳቸው በእኛ ላይ ያራግፉታል። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። የዚህ ገንዘብ ባለቤት እናንተ ናችሁ። የምርጫ ካርዳችሁን ያዙ፤ ደጃችሁን ለሚያንኳኩ የገዥው ፓርቲ ዕጩዎችም አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ ሒሳቡ የት አለ? መልስ ካጡ ድምፃችሁን ለእኛ ስጡ፤ እኛም ነገ ሥልጣን ላይ ስንወጣ ይህንኑ ጥያቄ ከመጠየቅ አትቦዝኑ።

ሰላም ለኢትዮጵያ!