ስልክ ሲያስቀራ



ከኮምቦልቻ የመጡ አንድ አባት ስልካቸውን እጃችን ላይ አስቀመጡና፣ «መምህር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። ልጆቼን ቤት እያገዝኩ ላስተምር ብዬ ያልጫንኩት የለም። የሚጠቅመውን ይተዉልኝ፣ የማይጠቅመውን ያጥፉልኝ» አሉን። ስልኩ ሞልቷል። ቁርኣን የሚያስቀራ ሦስት፣ ሒሳብ የሚያስተምር ሁለት፣ የዐረብኛ ፊደል፣ የእንግሊዝኛ ጨዋታ፤ የቴሌግራም ቻናሉማ ለቁጥር ያታክታል። ልጆቹ አራት፣ ስልኩ ግን አንድ ነው። እሱንም ቀን ቀን ይዘውት ወደ ሥራ ይወጣሉ። አብረን ተቀምጠን ስናጠራ አመሸን፤ የዛሬው ጽሑፋችን ከዚያ ምሽት የተወሰደ ነው።

በአገራችን ልጅን ከትምህርት ቤት ጨርሶ አስቀርቶ ቤት ማስተማር የተለመደ አይደለም፤ እኛም አንመክርም። ይሁንና የደሴና የኮምቦልቻ ወላጅ ሳይመርጠው የቤት ውስጥ አስተማሪ ሆኖ ያውቃል። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ ከፊሉ ሕዝብ ተሰደደ፣ ከፊሉም በሩን ዘግቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት አለፉ። ያን ጊዜ ስልኩ ውስጥ አስቀድሞ ያላስቀመጠ ሰው ስልኩ ለልጁ መብራት ከመሆን ያለፈ አልጠቀመውም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ መጀመሪያ የጠየቅነው «ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል ወይ?» የሚለውን ነው። ግማሹ እዚሁ ላይ ወደቀ።

ከቀረው ሁሉ የሚቀድመው የመማሪያ መጽሐፉ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ በበቂ ስላልደረሰ ብዙ ተማሪ የተማረው በፒዲኤፍ ነበር። ያ ፋይል አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በሚሞሪ ካርድ መቀበል ይቻላል። ቪዲዮ ማሳደድ የሚመጣው ከሱ በኋላ ነው። «ኮሊብሪ» የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አለ። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ኮምፒውተር ላይ ትምህርቱ ከተጫነ በኋላ፣ በዙሪያው ያሉ ስልኮች ያለ ኢንተርኔት ከዚያ ኮምፒውተር ይማራሉ። የካን አካዳሚ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች በውስጡ ይገኛሉ። «ኪዊክስ» ደግሞ ዊኪፒዲያን እንዲሁ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አንድ ላፕቶፕ ያለው የሰፈር ጀመዓ ለስንት ቤት ሊደርስ እንደሚችል አስቡት! ለሠርግ ቪዲዮ የሚወጣው ገንዘብ ቢተርፍ ላፕቶፑ አይገድም ነበር። (ይህን ስንል የሚቀየሙን እንዳሉ እናውቃለን።)

ካን አካዳሚን ካነሳን አጀማመሩ ለወላጅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ሳልማን ኻን የተባለ ሰው ሌላ ከተማ ለምትኖር ታዳጊ ዘመዱ ሒሳብ በስልክ ያስረዳት ጀመር። ሌሎች ዘመዶች ሲጨመሩ ቪዲዮ ቀረጸላቸው፤ በ2008 ድርጅት ሆነ። ሥር የያዘው እንግዲህ አንድ ዘመድ ለአንዲት ልጅ ጊዜ ሰጥቶ «የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?» ብሎ በመጠየቁ ነው።

ሁለተኛው ችግር ቋንቋው ነው። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በፈጣን እንግሊዝኛ ይመጣ ነበር። አይቆምም፣ አይደገምም፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት አለፈ። መምህራችን በሩ አጠገብ ቆመው ከኛ ጋር ያዩ ነበር። ዛሬ ቪዲዮው ይቆማል፣ ይደገማልም፤ ነገር ግን የሚያቆመው ሰው ከሌለ ያው ፕላዝማ ነው። ስለዚህ አባትዬውን እንዲህ አልናቸው፦ አምስት ደቂቃ ያሳዩትና ይዝጉት። ከዚያም በአማርኛ ያስረዳዎት። ካልቻለ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢያምር ለሱ አልሆነም። ለትንንሾቹ በአማርኛ የተሠሩት፣ ለምሳሌ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»፣ ከእንግሊዝኛው ጨዋታ ይሻላሉ።

የፈተና መልስ እንሸጣለን የሚሉትን ቻናሎች ሳንወያይ አጠፋናቸው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የወላጅ ድንጋጤ ለነዚህ ሰዎች ገበያ ሆነላቸው።

ወደ ቁርኣኑ ስንመጣ ነገሩ ከበደ። የወሎ ደረሳ ነሕው ለመቅራት አንድ ሸኽ ዘንድ፣ ፊቅህ ለመቅራት ሌላው ዘንድ፣ ጌታም ሆነ ጀማ ንጉሥ ወይም ዳና ድረስ ሲጓዝ፣ ሸኹ ከማን እንደቀሩ ያውቅ ነበር። በስልክ ከሚያስቀሩት ብዙዎቹ ግን ማን እንደሆኑ እንኳ አይናገሩም። ከሦስቱ የሸኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቅጂ የያዘውን አስቀረን፤ እኚህ ግብጻዊ ቃሪእ ማን እንደሆኑ ዓለም ያውቃቸዋል። ቢሆንም ቅጂ ይናገራል እንጂ አይሰማም። በአማርኛ አፋችን ሐእና ሀን አንድ አድርገን ስንቀራ «ተመለስ» አይለንም።

ይህን ስንል አባትዬው ሳቅ አሉና አንድ ነገር አጫወቱን። አባታቸው አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ልጆቹን ከመግሪብ በኋላ ያስቀሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ አንድ ቀን ፋቲሓ ላይ፣ «አባባ ተሳስተዋል፤ ስልኩ እኮ ማሊክ ነው የሚለው፣ እርስዎ መሊክ ይላሉ» አላቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ «ስልኩ ያስቀራህ» ብለው ማስቀራቱን ትተዋል።

እኛ አልሳቅንም። ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ድሮ በአገራችን በብዙ ቦታ ይቀራ የነበረው በአቡ ዐምር ቂራአት ነው፤ አቡ ዐምር ያንን ቃል አሳጥረው «መሊክ» ይላሉ። ስልኩ ላይ ያለው የዓሲም ቂራአት በሐፍስ በኩል የመጣው ነው፤ እሱ ያስረዝመዋል። ሁለቱም ከሰባቱ ቂራአቶች ናቸው። ስልኩ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ ይህንንም ለልጁ አልነገረውም።

አባትዬው ሳቃቸው ጠፋ። «እኔም ስልኩን አምኜ ዝም አልኩ» አሉ። ያን ምሽት ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የወሰደብን ይህን ለልጁ እንዴት እንደሚነግሩት መምከሩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልን። ልጁ የአያቱን ጉልበት ስሞ አውፍ እንዲሉት ጠይቋል። ሽማግሌውም፣ «እስቲ ስልኩን አምጣና አሰማኝ» ብለው አል-ሑሰሪን ፋቲሓውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም «ማሻ አላህ፣ ሰውዬው ቀርቷል። በል አሁን ዝጋውና የኔን ስማ» አሉት።