የፈረድንበት ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ

«ጌም የልጆች ነገር ነው» ብላችሁ ልትዘሉት ያሰባችሁ ትንሽ ታገሡኝ። የማወራው ስለ ፍርድ ነው።

«ኤል ኤ ኑዋር» የሚባል የወንጀል ምርመራ ጌም አለ። የአውስትራሊያው ቲም ቦንዲ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2011 ሮክስታር ለገበያ ያወጣው ነው፤ ያው ጂቲኤን የሚያወጣው ድርጅት። ተጫዋቹ በ1940ዎቹ ሎስ አንጀለስ ኮል ፌልፕስ የሚባል ፖሊስ ይሆናል። መኪና መንዳትም ተኩስም አለው፤ ዋናው ሥራ ግን ሬሳ የወደቀበትን ቦታ መፈተሽ፣ ፍንጭ መልቀም፣ ሰው ፊት ተቀምጦ ቃል መቀበል ነው። የተዋናዮቹ ፊት እንዳለ በካሜራ ተቀርጾ ስለገባ ተጠያቂው ዓይኑን ሲያሸሽ፣ ምራቁን ሲውጥ ይታያል። ከዚያ ሦስት ምርጫ ይቀርብልሃል፤ እውነቱን ነው፣ እጠራጠራለሁ፣ ዋሽቷል። «ዋሽቷል» ካልክ ማስረጃ ማቅረብ አለብህ።

ተጫዋቾች በዚህ ጌም ላይ ሁለት ትልልቅ ቅሬታ አላቸው። የመጀመሪያው ትክክል ነው። «እጠራጠራለሁ» የሚለውን ስትጫን ፌልፕስ ድንገት እንደ እብድ ይጮኻል፤ አንተ ትንሽ ገፋ አድርገህ ልትጠይቅ አስበህ ነበር፣ እሱ አሮጊቷን ነፍሰ ገዳይ ናት ብሎ ያምባርቅባታል። በ2017 ጌሙ ታድሶ ሲወጣ የምርጫዎቹ ስም ተቀየረ፤ አንዱ ጥሩ ፖሊስ፣ አንዱ ክፉ ፖሊስ፣ አንዱ ክሰስ ሆነ። ቢያንስ የምትጫነው ምን እንደሆነ አውቀህ ትጫናለህ።

ሁለተኛው ቅሬታ ነው ይህን ያስጻፈኝ። (ጌሙን ያልጨረሳችሁ አንድ አንቀጽ ዝለሉ፤ በኋላ እንዳትረግሙኝ።)

በግድያ ምርመራ ክፍል ሴቶች በተከታታይ ይገደላሉ። በእያንዳንዱ መዝገብ ማስረጃ ታገኛለህ፤ አንዴ ባልየውን፣ አንዴ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ትይዛለህ፤ ክሱ ይመሠረታል፣ አለቃህ ያመሰግንሃል፣ ነጥብህ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ገዳዩ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ያሰርካቸው በሙሉ ንጹሐን ነበሩ። እውነተኛው ገዳይ ደግሞ የትልቅ ባለሥልጣን ዘመድ ስለሆነ ነገሩ ይዳፈናል። ብዙ ተጫዋች እዚህ ላይ ይቆጣል። ፍንጩን ሁሉ ለቅሜ፣ ጥያቄውን ሁሉ በትክክል መልሼ፣ ለካ ጌሙ ሲያታልለኝ ነበር ይላል።

እኔ ጌሙ ውስጥ ካለው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። የምርመራ ጌም ሲባል በዝምታ የሚገባልን ቃል አለ፤ ጥፋተኛው ከቀረቡልህ ሰዎች መካከል ነው፣ ፈልገህ ታገኘዋለህ። በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ቃል የሚገባልህ የለም። አለቃ አመሰገነህ ማለት ሰውየው ገድሏል ማለት አይደለም። ማስረጃው ሁሉ ገጥሞም ሰውየው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ያስቀመጠልህ ሰው ካለ ይገጥማላ!

በተቃራኒው ሁሉም የሚያወድሱት የሉካስ ፖፕ «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» አለ፤ በ2018 የወጣ። ባዶዋን የተመለሰች መርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች ማን እንደሆኑና ምን እንደደረሰባቸው መዝግበህ ታስረክባለህ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሦስት ሰው እጣ በትክክል ካልሞላህ በስተቀር ጌሙ ልክ ነህ አይልህም። ስለዚህ በግምት መሄድ ይከብዳል። ጎበዝ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን እዚያም ቢሆን መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅና የሚያርምህ አለ። የዩክሬኑ ፍሮግዌርስ በ2014 ያወጣው የሸርሎክ ሆምስ ጌም ደግሞ መሃል መንገድ ይይዛል። የተሳሳተ ሰው ከስሰህ መዝገቡን መዝጋት ትችላለህ፤ ልክ መሆንህን ማየት ከፈለግህ በኋላ ታያለህ፣ ካልፈለግህ ትቀጥላለህ። አብዛኛው ሰው ወዲያው ያያል። ሳታዩ ቀጥሉና ምን እንደሚሰማችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲና የከላላ ሽማግሌዎች ምርመራን ከጌም አልተማሩም። አውጫጭኝ ነበረ፤ አፈርሳታም ይባላል። ክምር ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ሁሉም እየማለ የሚያውቀውን ይጠየቃል፣ እስኪወጣጣ ድረስም ወደ ቤቱ አይሄድም። በግልጽ መናገር የፈራ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለሽማግሌዎቹ በምስጢር ያደርሳል። አጥፊው ካልተገኘ ጉዳቱን አገሩ በጋራ ይከፍላል።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሥርዓት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ተጠርጣሪም ምስክርም ከፋይም ነው። የትኛውም ጌም ሠሪ እንዲህ ያለ ሕግ ቢያገኝ ይደሰት ነበር። ክፋቱም እዚያው ነው። ወፏ ማን ናት? ድንበር የተጋፋው ጎረቤት ብትሆንስ? ራሱ ያቃጠለው ሰው ብትሆንስ? አንድ ሰው ከጠቆምን ሁላችንም ከመክፈልም ከመጉላላትም እንድናለን፤ ስለዚህ ዘመድ የሌለው መጻተኛ ላይ ጣት መቀሰር ይቀላል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ፣ ፍርዱን ለዳኛ ለይቶ የሰጠው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20ም ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል የሚለው እንዲያው ለወግ አይደለም።

እኛ ግን አውጫጭኙን ስልካችን ላይ መልሰን አቋቁመነዋል፤ ያውም ያለ መሐላና ያለ ሽማግሌ። ፎቶ ይለጠፋል፣ «ይህን ሌባ ሼር አድርጉት» ይባላል፣ ማታ ላይ ተፈርዷል። ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ማስተባበያውን ሼር የሚያደርግ የለም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ዳታ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜም ወሬው አልቆመም፤ በመናኸሪያና በገበያ ሄደ፣ ማን እንዳለው ማረጋገጥ ብቻ ከበደ። ተኩስ ባለበት አገር ስለ አንድ ሰው «ጠቋሚ ነው» የሚል ቃል ምን እንደሚያመጣ ለዚህ ቻናል አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ለዚህ ነው ተጫዋቾቹ የተቆጡበትን ጌም የምደግፈው። አንድ የመካነ ሰላም ወጣት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ንጹሕ ሰው አሥሮ ቢደነግጥ ማንም አይጎዳም።

ችግሩ እነዚህ ጌሞች ከእሱ ጋር አይነጋገሩም። ከዳር እስከ ዳር እንግሊዝኛ ናቸው፤ ጌም ቤት ውስጥ ኳስ የሚበዛው አንዱም ምክንያት ጎል ትርጉም ስለማይፈልግ ነው። (ጌም ቤት ተማሪ ያበላሻል የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ትቼዋለሁ።) በአማርኛ መሥራት ይቻላል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቶ አሳይቷል፣ ምንም እንኳ የሩጫ ጌም ቢሆንም። ብዙ ሰው ይጠይቃል ለምትሉ ደግሞ፣ በ2022 የወጣውንና ብዙ የተመሰገነውን «ዘ ኬዝ ኦፍ ዘ ጎልደን አይዶል» የተባለ የምርመራ ጌም የሠሩት ሁለት የላትቪያ ወንድማማቾች ናቸው። ጽሑፍና ሥዕል፣ ዳታ የማይፈልግ፣ በርካሽ ስልክ የሚከፈት ቢሆን ይበቃል።

እኔን ቢጠይቁኝ ታሪኩን ከደንቆሮ ጫካ ግርጌ አደርገው ነበር፤ ስሙ ራሱ ምንም አልሰማሁም እንደሚል ምስክር ነው። ተጫዋቹ ፖሊስ ሳይሆን ሽማግሌ ይሁን። የአንድ ሰው የጤፍ ክምር ተቃጥሏል። መቶ ሰው ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ ከብቱ ያለ እረኛ ነው፣ አራስ ቤት የተወች አለች፣ ሰዓት በሄደ ቁጥር ሰዉ «አንዱን ጥሩና እንሂድ» ማለት ይጀምራል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ አንዲት ወፍ ስም ይዛ ትመጣለች። ስሙን መቀበል ወይም አለመቀበል የተጫዋቹ ነው። «አልተገኘም» ብሎ ተነሥቶ አገሩን በሙሉ ማስከፈልም ይቻል፤ እሱም እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ አንድ ሙሉ መጨረሻ ይቆጠርለት።