መጫወቻ ለቡፌ ነው ወይስ ለልጅ?

ዛሬ በ"የኔ አስተያየት" ዓምድ ላይ የምጽፈው ስለ አንድ መጫወቻ ነው። "ደግሞ በመጫወቻ ላይ ምን አስተያየት አለ?" ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ይህ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ፕላስቲክ ከምወደው ጓደኛዬ ጋር ሦስት ሳምንት አኳርፎኛል። ስለዚህ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጫወቻው ሮቦት ነው። ግን ዝም ብሎ የቆመ ሮቦት አይደለም፤ ሲያጣጥፉት የጭነት መኪና ይሆናል፤ ሲዘረጉት ተመልሶ ሮቦት ይሆናል። በዚያ ላይ የሚገጠምና የሚወልቅ ጥሩር አለው። ጥሩር ማለት ድሮ ተዋጊዎች ጦርና ሰይፍ እንዳይወጋቸው ይለብሱት የነበረ የብረት ልብስ ነው። የእኔ ሮቦት ጥሩር በሙሉ 9 ቁራጭ ነው፦ የደረት 1፣ የትከሻ 2፣ የክንድ 2፣ የእግር 2፣ የራስ ቁር 1 እና ጋሻ 1። ከዚህ ሌላ አንድ ጠመንጃም አብሮ መጥቷል። ጠመንጃውን ግን እናቴ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ አካባቢ ድረስ መጥቶ ስለነበር "ከዚህ በኋላ በቤቴ ጠመንጃ በመጫወቻም አላይም" ብላለች። እኔም አልተከራከርኳትም። ጋሻው ይበቃል።

የእንዲህ ዓይነት መጫወቻ ታሪክ ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። ታካራ የሚባል የጃፓን ድርጅት ዳያክሎን እና ማይክሮማን በሚባሉ ስሞች ወደ ሌላ ነገር የሚለወጡ ሮቦቶችን ይሠራ ነበር። ሃዝብሮ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ከታካራ ጋር ተስማምቶ እነዚህን መጫወቻዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ትራንስፎርመርስ ብሎ ሰየማቸውና መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት የካርቱን ፊልም ተሠራላቸው። የደጎቹ ሮቦቶች መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ይባላል፤ እሱም ሲለወጥ የጭነት መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ትልቁ ፊልም ወጣ። በ2009 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ላይ ደግሞ ጄትፋየር የሚባል ያረጀ ሮቦት የራሱን አካል ለኦፕቲመስ ፕራይም ይሰጠዋል፤ ኦፕቲመስም ያንን እንደ ጥሩር ለብሶ ይዋጋል። ይህንን ነገር አትርሱት፣ በኋላ እመለስበታለሁ። የእኔ ሮቦት እነዚህን አስመስለው ከሠሯቸው አንዱ እንጂ ዋናው አይደለም።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ። ከሮቦት ወደ መኪና ለመለወጥ 14 እንቅስቃሴ አለው። አብሮት የመጣው ወረቀት ሥዕል ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ግን እስከ 50 ሳትቆጥሩ እጨርሰዋለሁ። ትከሻው በጣም ይገርማል። የበር ማጠፊያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው። የሮቦቱ ክንድ ጫፍ ላይ ግን ትንሽ ኳስ አለች፤ ኳሷ ጎድጓዳ ውስጥ ስለምትሽከረከር ክንዱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ አጥንት ስንማር የእኛም ትከሻ እንደዚህ ነው ተብለናል። ጉልበቱ ደግሞ እንደ በር ነው፤ የእኛም ጉልበት እንደዚሁ። እኔ ያንን ትምህርት በደንብ የገባኝ ይህን ሮቦት ሳገላብጥ ነው።

ጥሩሩ የሚገጠመው በጉጥና በቀዳዳ ነው። ቁራጩ ላይ ትንሽ ጉጥ አለ፤ ሮቦቱ ላይ ቀዳዳ አለ። ጉጡ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ሰበቃ ይይዘዋል፤ ማስቲሽም ሆነ ብሎን የለውም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሲገባና ሲወጣ ጉጡ ይፋቃል፣ ይላላል። የቀኝ ትከሻው ገና በሁለተኛው ወር ራሱን ነቅንቆ መውደቅ ጀመረ። ሌላም ቅሬታ አለኝ፦ ጥሩሩን ለብሶ መኪና መሆን አይችልም። መጀመሪያ ማውለቅ አለባችሁ። ሲወልቅ ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ 9 ቁራጭ መሬት ላይ ይበተናል። ትንሽ ቁራጭና የእኛ ሰፈር አቧራ ደግሞ ምን ያህል እንደሚዋደዱ ታውቃላችሁ።

ከዚህ በፊት ግን ሮቦቱ አቧራ አያውቅም ነበር፤ ቡፌ ውስጥ ነበር የሚኖረው። አዎ፣ ሳሎን ያለው ባለ መስታወት ቡፌ! ያመጣችልኝ አክስቴ ናት። ዓረብ አገር 4 ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ነሐሴ ላይ ስትመለስ ለእናቴ ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ይህንን አመጣች። እናቴ ካርቶኑን እንዳየች "ይሄማ የልጅ እጅ አይንካው" አለችና ከነካርቶኑ ከብርጭቆዎቹና ከአበባው ጎን አቆመችው። እንግዳ ሲመጣ "እህቴ ያመጣችለት ነው" ትላለች። እንግዳውም በመስታወቱ ያየውና "ማሻ አላህ" ይላል። እኔ ቡና ቁርስ እያደልኩ ከእንግዳው ጋር አብሬ አየዋለሁ። የእኔ የተባለ ነገር፣ ግን ከእንግዳው የተለየ ምንም መብት የለኝም!

በውጭ አገር እንደዚህ የሚያደርጉ ትልልቅ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ? ሰብሳቢዎች ይባላሉ። ካርቶኑ ያልተከፈተ የድሮ ትራንስፎርመርስ ከተከፈተው ይበልጥ በውድ ይሸጣል። ስለዚህ ገዝተው ሳይከፍቱ ያስቀምጡታል። እናቴ ይህንን ብትሰማ "አየህ!" ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ማታ ግን አክስቴ ራሷ ጠየቀችኝ። "ሮቦቱን አልወደድከውም እንዴ? ስትጫወትበት አላየሁህም" አለችኝ። "እትዬ፣ ቡፌ ውስጥ ነው" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ስለዚያ ስለምትሠራበት ቤት ነገረችኝ። የቤቱ ልጅ አንድ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ እንደዚህ ዓይነት ሮቦት ነበረው። ብዙዎቹ ከነካርቶናቸው ናቸው። ልጁ አይነካቸውም። "አቧራቸውን በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነበርኩ" አለችኝ። "አንዱን እያነሳሁ ስጠርግ አንተን አስብ ነበር። ይሄ ልጅ ቢያገኘው እንዴት ይፈታታው ነበር እል ነበር። ለዚያ ነው ገዝቼ ያመጣሁልህ። ለቡፌማ ብርጭቆ አመጣ ነበር።" ወዲያው ተነስታ ቡፌውን ከፈተችና ካርቶኑን እጄ ላይ አስቀመጠችው። እናቴ ልትናገር ስትል "አብሽሪ፣ ቢሰበርም የእሱ ነው" አለቻት።

ይሄ የመጀመሪያው ነጥቤ ነው። መጫወቻን ለዕይታ ብቻ ማስቀመጥ የሰጪውን ልፋት ማክበር ይመስላል፤ ግን አይደለም። አክስቴ 4 ዓመት የለፋችው እኛ ቤትም ሌላ የሚጠረግ ነገር እንዲጨመር አልነበረም።

አሁን የማፍርበትን ልጻፍ። ሮቦቱ ከቡፌ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ከሰፈር ልጆች ጋር በር ላይ ተጫወትን። አንዱ ጓደኛዬ የአምባሰል ልጅ ነው፤ ከውጫሌ መጥቶ እዚህ ሐይቅ ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። በሽቦ መኪና አንደኛ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በከተማችን የሚያልፉትን አይሱዙዎች እያየ ይሠራል። ጎማው ከተቀደደ ነጠላ ጫማ ነው፤ ረጅም መሪ አለው፤ መሪውን ስታዞሩት የፊት ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። እውነቱን ልናገር፣ የእኔ ሮቦት መኪና ሲሆን የፊት ጎማው አይታጠፍም! ቀጥ ብሎ ብቻ ነው የሚሄደው።

ሲመሽ ጥሩሩን ቆጠርኩት፤ 8 ሆነ። የደረቱ የለም። እንደገና ቆጠርኩ፤ 8። ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት ጓደኛዬን "ኪስህን አሳየኝ" አልኩት። ሌሎቹን አልጠየቅኩም፤ እሱን ብቻ። ለምን? ምክንያቱም ነገር መሥራት የሚወደው እሱ ስለሆነ ይፈልገዋል ብዬ አሰብኩ። ምንም አልመለሰም። ኪሱን ገለበጠ። የወደቀው ትንሽ ሽቦ፣ አንድ ጠመኔና የተረፈ ቆሎ ነው። ቆሎውን እንኳን ሳያነሳ ሄደ።

ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። በመጨረሻ የደረቱ ጥሩር የት ተገኘ መሰላችሁ? የ5 ዓመቷ እህቴ ከቤት ጀርባ እቃቃ ስትጫወት ረከቦት አድርጋዋለች! 4 ቆርኪ እንደ ሲኒ ደርድራበት "ቡና ጠጡ" ትላለች። እስቅ ይሆን አለቅስ ጠፋኝ።

የሮቦት ዕቃ መጥፋት እኮ በትልልቆቹም ላይ ይደርሳል። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ሶፊያ የምትባለው ሰው መሳይ ሮቦት ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካል ክፍሎቿ ያሉበት ሻንጣ መንገድ ላይ ጠፍቶ ነበር። ሶፊያን የሠራት ሀንሰን ሮቦቲክስ የሚባል የሆንግ ኮንግ ድርጅት ሲሆን አይኮግ ላብስ በሚባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ያሉ ኢትዮጵያውያንም በሶፍትዌሯ ሥራ ተሳትፈዋል። ስለዚህ ዕቃ መጥፋቱ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሳይፈልጉ ሰው መጠርጠር ነው።

ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። አያቱ በር ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ያሳፈርከው በሰው ፊት ነው አይደል? ይቅርታውንም በሰው ፊት በለው" አሉኝ። በነጋታው እዚያው በራችን ላይ፣ በእነዚያው ልጆች ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው፤ ወሬው ክፍላችን ድረስ ደርሶ ስለነበር ይቅርታውም ይድረስ ብዬ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ነግሮኛል፤ "ሌላውን ግን ጻፈው" ብሏል።

ከታረቅን በኋላ የተሰበረውን የክንድ ጥሩር ጉጥ አሳየሁት። አገላብጦ አየው። ከራሱ መኪና መሪ ጫፍ ላይ ሽቦ ቆረጠና በእሳት አግሎ ጉጡ በነበረበት ቦታ ተከለው። አሁን ከሁሉም ቁራጭ በላይ የማይላላው እሱ ነው። የመኪናው መሪ ግን በአንድ ጣት አጠረ። ያ ጄትፋየር የሚባለው ሮቦት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ ነጥብ ልስጥ። ለመለወጡ ከ10 9፣ ለጥሩሩ 6፣ ለጥንካሬው 5፣ አብሮ ለመጫወት 8። ድምሩ ከ40 28፤ ማለትም ከ10 7 አገኘ። ካርቶን ውስጥ እያለ ነጥብ ስጥ ብትሉኝ ግን ዜሮ ነበር የምሰጠው፤ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ሆኖ ምንም አያደርግም።

የእኔ አስተያየት በአጭሩ ይሄ ነው። የተከበራችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ የልጅ መጫወቻ ከቡፌ አውጡልን። ቢሰበር እንማርበታለን፤ የትከሻ አጥንትም ሰበቃም የገባኝ እንደዚያ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ እኛ ደግሞ ጨዋታ ከመጀመራችን በፊትና ስንጨርስ ቁራጩን አብረን እንቁጠር። የጎደለ ነገር ካለ መጀመሪያ መሬቱን እንፈልግ፣ ከዚያ ቤታችንን፣ ከዚያ ታናሽ እህታችንን እንጠይቅ። የጓደኛን ኪስ ግን አንንካ። ፕላስቲኩ ቢጠፋ ሽቦ ይተካዋል፤ ጓደኛ ግን መለዋወጫ የለውም።

ሚኒ ሚዲያችንንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በወር አንድ ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ሁሉም የሠራውን ወይም ያለውን መጫወቻ የሚያመጣበት ቀን ቢኖረንስ? የሽቦ መኪናም፣ የጭቃ በሬም፣ የጨርቅ ኳስም፣ ሮቦትም በአንድ ላይ ይቅረቡ። እኔ ሮቦቴን አመጣለሁ። የፊት ጎማ ማጠፍ የሚያስተምረኝ ሰውም አግኝቻለሁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም መልሱልኝ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ለ ክፍል ተማሪ