ልጅ ያቦካው ለኪራይ ሲበቃ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይሉ ነበር የጥንቶቹ። እንግዲህ ተረቱ ይታረም። ዛሬ ልጅ ያቦካው ለእራት ቀርቶ ለቤት ኪራይም መብቃት ጀምሯል። ማቡካት እንኳ አያስፈልገውም። ካሜራ ፊት ቆሞ ቢኮላተፍ፣ ቢያለቅስ፣ ሱሪው ላይ ቢሸና ይበቃል። የቀረውን እናትና አባት ይጨርሱታል፤ ይቀርጹታል፣ ሙዚቃ ያለብሱታል፣ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሱ» ብለው ለአገር ያድሉታል።

የማወራው ስለ ልጅ አስተዳደግ እንጽፋለን፣ እናሳያለን ስለሚሉት ወላጆች ነው። ከወዲሁ ግልጽ ይሁንልኝ፤ ወላጅ ለምን ጻፈ፣ ለምን ተናገረ አልልም። ሴት አያቷ አጠገቧ በሌሉበት በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ የምታድር እናት፣ ሌሊት ትኩሳት ሲነሳበት የሌላዋን እናት ልምድ በስልኳ ብታነብ ምን ነውር አለው? እሰይ የሚያሰኝ ነው። ጠቤ ከልምዱ ጋር ሳይሆን ከገበያው ጋር ነው።

ለመሆኑ ተከታይ የሚበዛው እንዴት ነው? ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢው ለማካፈል 1,000 ተመዝጋቢና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል፤ ወይም ደግሞ አጫጭር ፊልሞች በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን ጊዜ መታየት አለባቸው። 4,000 ሰዓት ማለት ከ166 ቀንና ሌሊት በላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት የሚሞላ ቁም ነገር ያለው ወላጅ ስንት ነው? የመጀመሪያው ወር ላይ ስለ ጡት ማጥባት ይወራል፤ ሁለተኛው ወር ላይ ስለ ገንፎ። ሦስተኛው ወር ላይ ቁም ነገሩ ያልቅና ልጁ ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሲታመም ሆስፒታል፣ ሲቀጣ ጓዳ፣ ሲታጠብ ገንዳ ድረስ ካሜራው ይከተለዋል።

ይህ ነገር በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላስገረመኝ። እኛ ግን ገመናን የምናውቅ ሕዝቦች ነን። ሐረርን ተመልከቱ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ማታ ማታም ይዘጉ ነበር። ግንቡን አልፋችሁ ስትገቡ ደግሞ ሌላ ግንብ ይገጥማችኋል። የሐረሪ ቤት ለመንገደኛው የሚያሳየው ጀርባውን ነው። ጌጡ፣ ሰፌዱ፣ ሳህኑ፣ ቀይ ቀለም የተቀባው ነደባ ሁሉ ያለው ውስጥ ነው። በነደባው ላይም እያንዳንዱ እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕረጉ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። በሌላውም የአገራችን ክፍል ያለችው እናት አራሷን ልጅ ዓይን እንዳይበላት በነጠላ ሸፍና ነበር መንገድ የምታቋርጠው። ከዓይን መፍራቱን አጉል እምነት ነው ብለን ሳቅንበት። ዛሬ ያንኑ ሕፃን ለመቶ ሺህ ዓይን አውጥተን ስንዘረጋው ሠለጠንን እንላለን። ቁልፍ የሌለው በር በየኪሳችን ይዘን እየዞርን የጀጎልን ግንብ ለቱሪስት እናስጎበኛለን።

የባሰው ደግሞ የሌላውን ልጅ ሲጨምሩበት ነው። ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ የሚባል የገጠር ወረዳ አለ። በዚያ በኩል ሳልፍ አንዲት ከሌላ ከተማ የመጣች እናት የስድስት ዓመት ግድም ልጇን አቁማ ስትቀርጽ አየሁ። ልጁ ለአንዲት እኩያው ለሆነች የገበሬ ልጅ ደብተርና ብስኩት ይሰጣል። «ማሙሽ፣ እንደገና ስጣት፤ አሁን ደግሞ እቀፋት» ትለዋለች እናቱ። ማሙሽ ደብተሩን ከልጅቱ እጅ መልሶ ይቀበልና እንደገና ይሰጣታል። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ልጅቱ ሦስተኛው ላይ እጇን ለመዘርጋት አመነታች፤ መልሰው የሚወስዱት መስሏት ይሆናል። «የምትሠሪው ምንድን ነው፣ እህቴ?» ብላት፣ «ልጄን ደግነት እያስተማርኩት ነው» አለችኝ። እኔ ግን ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ሲጎዱ ነው ያየሁት። አንደኛው ምጽዋት ለተመልካች እንደሚሰጥ ተማረ፤ ሁለተኛዋ ድህነቷ ዕቃ መሆኑን ተማረች። የልጅቱ ወላጆች በቦታው አልነበሩም። የጠየቃቸውም የለም።

ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ነው፤ ጠያራም አውሮፕላን። የሰፈሩ ስም ሲተረጎም የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ከዚያ ሜዳ የተነሳው የዚያች ልጅ ምስል የት እንደሚያርፍ ግን አብራሪዋም አታውቀው። ማንም አውርዶ ያስቀምጠዋል፣ ቆርጦ ይቀጥለዋል፣ ሌላ ስም ሰጥቶ ይለቀዋል። እናቲቱ ነገ ተጸጽታ ብታጠፋው የጠፋው የእርሷ ቅጂ ብቻ ነው።

«ልጄ ነው፤ ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልጅህ መሆኑን ማን ካደ? ንብረትህ ግን አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ ማንኛውም እርምጃ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። ከዚያም በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ነገር ግን ሕፃን አይፈቅድም፤ የሚፈቅድለት ወላጁ ነው። ፈቃጁና ተጠቃሚው አንድ ሰው ሲሆን ፈቃዱ ምን ዋጋ አለው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ሳሎን ውስጥ በእናቱ ካሜራ ፊት የሚውለውን ልጅ ግን ማንም ተቀጣሪ አይለውም። ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ቀዳዳ ያየው በልጆች ዕንባ ነው። ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር እ.ኤ.አ. በ1921 የተወነው ሕፃኑ ጃኪ ኩጋን አድጎ ገንዘቤ የት ደረሰ ብሎ ሲጠይቅ፣ እናቱና የእንጀራ አባቱ ጨርሰውት ነበር። እናቱን ከሰሰ፤ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ያንን ጥበቃ በማኅበራዊ መገናኛ ወደሚታዩ ልጆች አሰፋች፤ ልጁ ራሱ ምስሌ ይጥፋልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አገኘ። የአሜሪካዋ ኢሊኖይም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ወላጅ ለልጁ ድርሻ እንዲያስቀምጥ አስገድዳለች። በዩታ ደግሞ ሩቢ ፍራንኪ የምትባል፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው የልጅ አስተዳደግ ምክሯን ይከታተላት የነበረች የስድስት ልጆች እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 የ12 ዓመት ልጇ ከነበረበት ቤት በመስኮት አምልጦ ጎረቤት ዘንድ ምግብና ውኃ ሲጠይቅ ተገኘ። እናቲቱም በቀጣዩ ዓመት በልጆች ላይ በፈጸመችው በደል ተፈረደባት። ወላጅ ጦማሪ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። የተከታይ ብዛት የወላጅነት ምስክር ወረቀት እንዳልሆነ ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

«እንጀራ ነው፤ የገበሬ ልጅስ ፍየል ይጠብቅ የለ?» የሚለው ክርክር ከሁሉ የሚከብድ ስለሆነ አላልፈውም። አዎን፣ የድሬ ጠያራ ልጅ ፍየል ይጠብቃል። ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ፍየሎቹ በረት ይገባሉ፤ ሥራው ያበቃል። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አንዲት ፍየል ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከትላው «ይህ ሱሪው ላይ ሲሸና ያየነው ልጅ አይደለም ወይ?» አትለውም።

እንግዲያስ ወላጅ ጦማሪ በምን ይታወቅ? ባወቀው ይታወቅ። ሐረር ላይ ልጅ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ አንዳንዴም በሶማልኛ አፉን ይፈታል። አንድ ልጅ ሦስት ቋንቋ ሳያምታታ እንዴት እንደሚያድግ ሊነግረን የሚችለው የሐረር ወላጅ ነው። ይህን በየሳምንቱ ሳያቋርጥ ቢጽፍ፣ የሚጠየቀውን ቢመልስ፣ ስለ ክትባትና ስለ ሕመም ሲሆን የጤና ባለሙያ ቢያናግር፣ ጽሑፉን በየወላጆች የቴሌግራም ቡድን ቢያካፍል፣ የሚመጣለት አንባቢ የሚቆይ አንባቢ ነው። መታየት ካለበት የራሱ ፊት ይታይ፤ የልጁ እጅና ሥዕል ይበቃል። ደግሞም ልጅን ሳይሸጡ ሕፃናትን መማረክ እንደሚቻል በአገራችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዋና ተዋናይዋ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ስንት ሕፃን በእርሷ ፊደል ቆጠረ! አንድም ልጅ ግን ስለ እርሷ ሲል ገመናው አልወጣም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሕግ አውጪው ከልጅ ምስል የሚገኝ ገቢ ድርሻ በልጁ ስም ባንክ እንዲገባ፣ ልጁም ሲያድግ ምስሉን የማስጠፋት መብት እንዲኖረው ይደንግግ። ወላጅ የልጁን ዕንባ፣ ሕመምና ዕርቃን፣ እንዲሁም የሌላውን ልጅ ድህነት ከካሜራ ያርቅ። እኛ ተመልካቾችም ጣታችንን እንሰብስብ፤ በየሕፃኑ ዕንባ ላይ «ላይክ» የምንጫን እኛ ካልገዛን ሻጩ ገበያ አይወጣም።

ልጅ አንድ ቀን ያድጋል። አድጎም ስሙን ጽፎ ራሱን ይፈልጋል። የሚያገኘውን የምናዘጋጅለት ዛሬ እኛ ነን። ልብ ያለው ልብ ይበል።