ዕጣው እኩል ነው፤ መሬቱስ?

በካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ ካለችው ኤሪን ውድስ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የተጓዘ ሰው፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባልዛክ ላይ የሴንቸሪ ዳውንስን የፈረስ ውድድር ሜዳ ያገኛል። የፈረሶቹ መነሻ በር በዕጣ ስለሚደለደል ውድድሩ ፍትሐዊ ነው ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው።

በአጭር ርቀት የባከነን እርምጃ ማካካሻ ጊዜ የለም። በእንግሊዟ ቼስተር ሜዳው ክብና ጠባብ በመሆኑ፣ ለውስጠኛው አጥር የቀረበ በር የደረሰው ፈረስ አጭሩን መንገድ ይሮጣል። ብልጫው ግን ቋሚ አይደለም። የአፈር ሜዳ ውኃ እንዲወርድለት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ዝናብ ሲበረታ በአጥሩ ሥር ያለው አፈር ሊጨቀይ ይችላል። ያን ጊዜ አጭሩ መንገድ አድካሚው ይሆናል። ሜዳው ከዝናቡ አስቀድሞ ተዳምጦ ከጠጠረ ግን ውኃው በላዩ ይፈስሳል፤ የውስጡም መስመር ፈጣን እንደሆነ ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ ዕጣ አድልዎን አያጠፋም፤ በማን ላይ እንደሚወድቅ ብቻ ያለ ወገንተኝነት ይወስናል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ዕጣው አንድ ቢሆንም ሰፈሩና ፎቁ አንድ አይደለም።

ቀሪው የአስተዳዳሪዎች ኃላፊነት ነው፦ የሜዳውን ጥንካሬና ርጥበት በየመስመሩ መለካት፣ ውጤቱንም ከውድድሩ በፊት ለሁሉም ይፋ ማድረግ። ብሪታንያ ጥንካሬውን በመሣሪያ ለክቶ ማሳወቅን ለምዳለች። መረጃው ካልተገለጠ፣ ጥቅሙ ማለዳ ሜዳውን ረግጠው ለሚያዩ ጥቂቶች ይቀራል፤ ዕጣውም የፍትሕ መሸፈኛ ይሆናል።