መኪናና መቀናጆ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሁለት ኩባንያዎች ተባብረው አንድ መኪና ሲሠሩ ትርፉ ለማን እንደሚሆን ተማሪዎቼ በክርክር ክፍለ ጊዜ ሲነጋገሩበት ሰንብተዋል። እኔም የመሰለኝን በዚህ ዓምድ ለማቅረብ ፈቀድሁ። የውጭውን ታሪክ ዓመቶች የጻፍሁት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ ነውር አይደለም፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ አንዳንድ በሬ ይዞ መምጣት አለበት። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ስሙ ሌላ ነው።

የእንግሊዙ ሮቨርና የጃፓኑ ሆንዳ እንደዚሁ ተቀናጅተው ነበር። ውሉ የተፈረመው በ1979 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ሮቨር ብሪቲሽ ሌይላንድ በሚባለው የመንግሥት ኩባንያ ውስጥ ነበረ። በ1981 የወጣው ትራያምፍ አክሌም የሆንዳን መኪና ስሙን ለውጦ ከመሥራት ብዙም አልራቀም። በ1989 የወጣው ሮቨር 200 ግን ከሆንዳ ኮንቸርቶ ጋር አብሮ የተነደፈ ነው። ከኋላው ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር ያለው፣ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸውና ከነጓዛቸው የሚሳፈሩበት መጠነኛ መኪና ነበር። 1.4 ሊትሩን ሞተር ሮቨር ራሱ ሠራው፤ 1.6 ሊትሩ ከሆንዳ መጣ። ለአውሮፓ ገበያ ሁለቱም በርሚንግሃም ባለው የሎንግብሪጅ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። መኪናው ተወደደ። በበኩሌ ነገሩ የሠመረው እንግሊዞቹ የራሳቸውን ሞተር ይዘው ስለ ቀረቡ ነው እላለሁ።

የአልፋ ሮሜዮና የኒሳን ነገር ግን ያስቃል። በ1980 ተዋውለው በ1983 አርና የተባለችውን መኪና አወጡ። ኢጣልያኖች የታወቁት መልክ በማሳመር፣ ጃፓኖች በማይበላሽ ሥራ ነው። ታዲያ መልኩን ከኒሳን፣ ሞተሩን ከአልፋ ወሰዱ! ወደ 53 ሺህ ያህል ብቻ ተሠርታ በ1987 ቀረች።

ወደ ሮቨር ልመለስ፤ ከባዱ ነገር እዚያ ነውና። መንግሥት ሮቨርን በ1988 ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ ሸጠው፤ ይኸው ባለቤት ደግሞ በ1994 ድርሻውን ለጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ. ሸጠ። 20 ከመቶ ድርሻ የነበረው ሆንዳ ተቀይሞ ወጣ። ጀርመኖቹም በ2000 ተዉት። በ2005 ኩባንያው ከስሮ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች እንጀራቸውን አጡ።

ከዚህ ተነሥተው ከባዕድ ጋር መሥራት ጥፋት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጥፋቱ የቀንበር ባልንጀራን አስቀይሞ እርሻውን መሸጥ፣ ይልቁንም የራስን ሁለተኛ በሬ ሳያሳድጉ መቆየት ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ክፍላቸው ከውጭ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠም የኤሌክትሪክ መኪኖችን በየመንገዱ እናያለን። መገጣጠሙ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት አናጢነት ያስተማሩን ሰው፣ ሌላ የቆረጠውን እንጨት ቸንክረን ሣጥን ሠራን ብንላቸው ማርክ አይሰጡንም ነበር። መለካቱም መቁረጡም የራሳችን መሆን ነበረበት።

ስለዚህ ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ውል የሚፈርሙ ባለሥልጣኖችና ነጋዴዎች፣ ከመኪናው የትኛው ክፍል በስንት ዓመት ውስጥ በእኛ ሠራተኞች እጅ እንደሚሠራ፣ ስንት ወጣቶችም ንድፉን እንደሚማሩ በዚሁ ጋዜጣ ቢገልጹልን እንወዳለን። ተማሪዎቼ መልሱን እየጠበቁ ናቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር